እስከ ጉልበቴ ድረስ

በኦባን ወደብ ዳር፣ ከዓሣ መጥበሻው ቤት በላይ፣
ደረጃው እያቃሰተ፣ መስኮቱ ወደ ባሕር የሚያይ፣
ኡና ኪልት የምትሰፋበት ጠባብ ክፍል አለ፤
ሁለት ቀን በበሩ አለፍኩ፤ በሦስተኛው እግሬ ልቤን ተከተለ።

የፈራሁት ጥያቄ ነው፦ «ጥለትህ የየትኛው ጎሳ?»
ሰው እንደ ቀላል ይጥላታል፣ እኔ ግን አልችልም ላነሳ።
ግሪኖክ ነው ያደግሁት፣ በሙት ልጆች ማሳደጊያ፤
ላክላን ያለችኝ ነርስ ናት፤ ያባቴ ስም ከመንገድ መጠሪያ።

ኡና ግን ቀና ብላ በመነጽሯ ጠርዝ አየችኝ፤
«ለምን ቀን ነው የምትለብሰው?» ያን ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ለማክሰኞ» አልኳት። «ዳቦ ልገዛበት፣
ውሻዬን ላናፍስበት፣ ዶሚኖ ልሸነፍበት።
ለሠርግ አይደለም፣ ለሰልፍም፤ ባግፓይፕ አይነፋብኝ።
ኪስ ይኑረው፣ ሁለት፣ ቁልፍ እንዳይጠፋብኝ።»

«ኪስ! አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር፤
እሱ የሚሰፋው ለመኮንን፣ ስምንት ሜትር ሱፍ፣ ከነክብር።»
ሳቀች። «ይነሳ ግዴለም፣ መርፌ የሚያቀብል አጥቻለሁ።»
«እኔ ደግሞ» አልኩ፣ «አንድ ቀለም፣ ያለ ጥለት እሻለሁ።»

ቀዩን አሳየችኝ፣ ቢጫውን፣ ዓይን የሚወጋውን፤
ጣቴ ግን ሳልጠይቀው አገኘ ግራጫውን፦
የባላሁሊሽ ሰሌዳ ድንጋይ ዝናብ ሲመታው ያለ መልክ፣
አርባ ዓመት ጣሪያ ስከድን በመዳፌ የማውቀው ልክ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገቤን ዞረችው፤
ሆዴን ወደ ውስጥ ብስብ በጣቷ መታ አደረገችው፦
«ልቀቀው። እኔን ብትዋሸኝ ዘለበቱ ያጋልጥሃል።»
ከዚያ፣ «ተንበርከክ» አለች።
«ተንበርከክ?»
«ጫፉ ወለሉ ላይ ከተኛ ረዝሟል።»

ተንበረከክሁ። ለጸሎት አልነበረም፣ ለልመናም።
ግራ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ፤ ኡና ሰማች፣ ምንም አላለችም።
የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ ነው የከዳኝ፣ በታኅሣሥ፣ በበረዶ፤
ሐኪሙ ራጁን አሳይቶ «መሰላል በቃህ» አለ፣ ፈርዶ።
እሷ ሜትሩን ከወገቤ እስከዚያው አጥንት ዘረጋች፣
በጠመኔ ጫር አድርጋ፣ «እስከ ጉልበትህ ድረስ» አለች።
እኔም የሠራሁት እስከዚያው ነው።

ስድስት ሳምንት። ስለ ዋጋው አልተከራከርኩ፤
የእጅ ሥራ ሂሳብ ስሰጥ ስንቱ እንደጮኸብኝ አስታወስኩ።

ልወስደው ስመጣ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ፤
ሃያ አንድ ሽንሽን። ቆጠርኳቸው። እጄ ራሱ ሄደብኝ፤
እያንዳንዱ የጎረቤቱን ሁለት እጅ ሸፍኖ ተኝቷል።
«ጣሪያ ነው» አልኳት፤ «እንዲህ ካልተደረበ ዝናብ ይገባል።»
«ነፋስም» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፤
«የሚይዘው የማይታየው ነው» — ጠቅልላ ሰጠች።

ማክሰኞ ጠዋት ከበሩ ጀርባ ሩብ ሰዓት ቆምኩኝ፤
ውሻው ማሰሪያውን ነክሶ እንደ ሞኝ አየኝ።
ወጣሁ። ነፋስ ከማል ደሴት ተነስቶ ደረሰ፤
ሽንሽኑ አንዴ ከፍ ብሎ፣ አስቦበት ተመለሰ።

ወይዘሮ ጊልክሪስት ልብስ እያሰጡ፦ «ዛሬ የማን ሠርግ ነው?»
«የማንም። ወተት አልቆብኝ ነው።»

ፌርማታው ጋ አንድ ልጅ፣ ቦርሳው ከራሱ የሚበልጥ፣
ኪልቱን ከቁም ነገር አልጣፈው፤ ዓይኑ ታች ነው የሚያፈጥጥ፣
ሐኪም የሰፋው ጠባሳዬ ላይ።
«ያምሃል?»

አርባ ዓመት ሱሪ ለብሼ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።
«ዝናብ ሲሆን» አልኩት።
ሰማዩን አየ። «እዚህማ ሁሌም።»

ቁልፌ በቀኝ ኪሴ፣ ሳንቲሜ በግራው እየተንኳኳ፣
ውሻው ሲጎትተኝ፣ ብርዱም ገላዬን ሲነካካ፣
መንገዴን ቀጠልኩ። ልብሴ ጉልበቴ ካለቀበት ያልቃል፤
ከዚያ በታች እግር ነው፣ ይሄዳል።